ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ስንት ይመዝናሉ?

ፀዳል ግሪን ቫሊ ራንች በሚባል ሰፈር ባለው ቤቷ፣ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ጎን በተሸጎጠች ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ፣ ረግጣው ወደማታውቀው አገር ሰው ታሳፍራለች። ከአራት ዓመት በፊት ኤርፖርት አካባቢ መንገደኛ የሚያመላልሱ የሻትል ሹፌሮችን ታሰማራ ነበር። አሁን አላስካ ላለ አንድ ትንሽ ድርጅት ስልክ ትቀበላለች። እንግዶቹ ውሃ ላይ በምታርፍ ትንሽ አውሮፕላን ሄደው፣ ሳልመን የሚባል ዓሣ የሚያጠምዱ ቡናማ ድቦችን ከአስጎብኚ ጋር አይተው ይመለሳሉ። ድርጅቱ ማለት ሮይ ነው፤ አብራሪውም አስጎብኚውም እሱ።

ሮይ ሲቀጥራት አንድ ነገር አስጠንቅቋታል። «ስማቸውን ብትሳሳቺ እናርመዋለን። ክብደታቸውን ግን እንዳትሳሳቺ። ሐይቁ አጭር ነው፣ ጫፉ ላይ ኮረብታ አለ።»

በዚያ ሐሙስ ጠዋት፣ ለበረራው ሃያ አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ አውሮፕላኗ ከምትታሰርበት የእንጨት መድረክ፣ ከዶኩ ላይ፣ ፎቶ ደረሳት። የላከችው ሩቲ ናት፣ ከጎረቤት ከተማ ከቶርንተን የሄደችው ነርስ። ፎቶው ላይ አባቷ ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ሐይቁን ተደግፈው የቆሙ ይመስላሉ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ሁለት ሰመር ሙሉ ድቦቹን ከሶፋቸው ላይ በኢንተርኔት ካሜራ ሲያዩ ከርመዋል። ከፏፏቴው ሥር የማትነቃነቀዋን ግዙፍ ድብ «ወይዘሮ» ብለው ሰይመዋት፣ ዓሣ ስትስት ይቆጣሉ፣ ስትይዝ ተመስገን ይላሉ። ሩቲ አባቷን ለዚህች አንድ ቀን ለማብቃት ፈረቃ ስትለዋወጥና ዕረፍቷን ስታጠራቅም ሁለት ዓመት ሞላት።

ፀዳል ፈገግ ልትል ነበር። ዓይኗ ኮታቸው ላይ ቀረ። አዝራሩና ቀዳዳው በአንድ ስንዝር ተራርቀዋል።

የምዝገባው ቀን ታወሳት። የሩቲን ክብደት ጠየቀች፣ የባሏን የሊዑልን ጠየቀች። «የአባቢን ራሱን ጠይቂው» ብላ ሩቲ ስልኩን አቀበለቻቸው። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ መረቋት፤ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ደጅሽን ያስፋልሽ፣ እያሉ አሥር ደቂቃ ሙሉ። እንዲህ የመረቀን ሽማግሌ «ስንት ይመዝናሉ?» እንዴት ይሉታል? ገበያ የወጣ በሬ ነው? አሜን አለችና፣ በአንድ ሠርግ ላይ ከሩቅ ያየቻቸውን አስታውሳ፣ መቶ ሰማንያ አምስት ፓውንድ ብላ ጻፈች።

የዶኩ ሚዛን ደግሞ ከሰኞ ጀምሮ ተበላሽቶ ለጥገና ሄዷል። ሮይ የያዘው የእሷን ወረቀት ብቻ ነው። ከፎቶው ሥር ሩቲ «ውሃው መስታወት መስሏል፣ ብታዪው» ብላለች። ፀዳልን ያራዳትም ይኸው ውሃ ነበር። ነፋስ ሳይነካው የረጋ ውሃ የአውሮፕላኗን ተንሳፋፊ እግሮች ይዞ ቶሎ አይለቅም፤ መነሻው ይረዝማል፣ ኮረብታው ይቀርባል።

ጭንቅ ሲይዛት ግጥም ይመጣባታል። ጣቶቿ የሮይን ቁጥር ሲፈልጉ ከንፈሯ እንዲህ ይል ነበር፦

አክብሬው ዝም አልኩት፣ ዝም ብዬ ጎዳሁት፤
ምነው በጠየቅኩት፣ አንድ ቀን ባስከፋሁት።

ሮይ አያነሳም። ከበረራ በፊት ስልኩን መኪናው ውስጥ ይተወዋል። ሩቲ ጋ ደወለች።

«ሩቲዬ፣ ሮይን አገናኚኝ።»

«ገመድ እየፈታ ነው። ምነው?»

«የአባቢን ክብደት ተሳስቼ ጽፌያለሁ። ትክክለኛው ስንት ነው?»

«ፀዲ፣ ሲሪየስ ነሽ? አብረውን የሚበሩ ሁለት ፈረንጆች ቆመዋል እኮ። እኔ በሰው ፊት አልጠይቀውም። እንኪ፣ ራስሽ ጠይቂው።»

«ፀዳልዬ ናት?» አሉ ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ። «ልጄ፣ እግዚአብሔር…»

«ጋሼ፣ ምርቃቱን ያቆዩልኝ።» በዕድሜዋ የሽማግሌ ምርቃት አቋርጣ አታውቅም። «ክብደትዎን ይንገሩኝ።»

ውሃው የዶኩን እንጨት ሲልስ እስከ ግሪን ቫሊ ራንች ድረስ ተሰማት።

«ስንት ብለሽ ነበር የጻፍሽው?»

«መቶ ሰማንያ አምስት።»

«እሱማ የሠርጌ ዕለት ነው።»

ሊዑል ከኋላ ሳቀ፣ ወዲያውም ሳቁን ዋጠው።

«ጋሼ፣ አውሮፕላኗ ልትነሳ ነው።»

«ሁለት መቶ ስልሳ ሁለት» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ባለፈው ወር፣ ሐኪም ቤት። ያለ ጫማ።»

ሩቲ ስልኩን ተቀብላ ሮጠች፤ ሮይ ጆሮ ላይ ደረሰ። ፀዳል ልዩነቱን ነገረችው፣ ሰባ ሰባት ፓውንድ።

«ጠይቀሻቸው ነበር ወይስ ገምተሽ?»

«ገምቼ።»

ሮይ አልጮኸም። ቢጮኽባት ይቀላት ነበር። «አንድ ሰው ይወርዳል። ከሰዓት በኋላ ጉም ይገባል፣ ሁለተኛ በረራ የለኝም። ስለ አንቺ ነገ እንነጋገራለን።»

ስልኩ ተመልሶ ሩቲ እጅ ገባ። ማንም አልዘጋውም፤ ፀዳል ሁሉንም ትሰማለች።

«እኔ ልቅር» አሉ ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ። «ጥፋቱ የሆዴ ነው። ወይዘሮን ከሶፋዬም አያታለሁ።»

«ኧረ እኔ ልቅር» አለ ሊዑል።

«አንተ ቀርተህ፣ እዚያ ስታርፉ ማን ደግፎ ከውሃው ያወጣዋል?» አለች ሩቲ። «የጉልበቱን ሕመም ታውቀው የለ። እኔ አልችለውም።»

ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። የሩቲ የመንሳፈፊያ ጃኬት ማሰሪያ ተፈታ።

«ሩቲ፣ ልጄ…»

«አባቢ፣ ግባ። ሮይ እየጠበቀ ነው።»

ሞተሩ ተነሳ። መጀመሪያ ጆሮ አደነቆረ፣ ከዚያ እየራቀ ሄደ። ፀዳል የጠረጴዛዋን ጠርዝ በሁለት እጇ ይዛለች።

«ሐይቁን አጋመሱ» አለች ሩቲ።

«ተነሳች?»

«አልተነሳችም። ውሃውን እየቀደደች ነው።»

«አሁንስ?»

የሩቲ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

«ሩቲ።»

«ለቀቀች። አንደኛው እግሯ ለቀቀ… ሁለቱም። ከዛፎቹ በላይ ናት።»

«ምን ያህል?»

«ትንሽ። በጣም ትንሽ ነው፣ ፀዲ።»

በጥዶቹ አናትና በአውሮፕላኗ እግር መካከል ያለችውን ያችን ቁራጭ ሰማይ ሁለቱ ሴቶች በየልባቸው ለኳት፤ ሩቲም ተሳፍራ ቢሆን ኖሮ ምን ይተርፍ እንደነበር ለኳት።

«አልተቀየምኩሽም አልልሽም» አለች ሩቲ በመጨረሻ።

«አትበይኝ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ነው የጠበቅኩት። ወይዘሮን ሲያያት ፊቱን ላይ።»

«አውቃለሁ።»

ሩቲ ዶኩ ላይ ቁጭ ስትል እንጨቱ ሲንቋቋ ተሰማ።

«እስኪመለሱ አራት ሰዓት አለ» አለች። «ስልኩን እንዳትዘጊው።»