ልጄ እጇን ያወጣች ቀን

ቤታችን አምስተርዳም፣ ኖርድ የሚባለው ሰፈር ነው። የጥገኝነት ጥያቄዋ ውድቅ የሆነባት ታናሽ እህቴ ከልጄ ጋር አንድ አልጋ ላይ ትተኛ ነበር። የበር ደወል ሲጮህ ጓዳ ትገባለች። ልጄን ለማንም እንዳትናገር አስምያት ነበር።

አንድ ቀን ከልጄ ትምህርት ቤት፣ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሚናገሩ አዛውንት ሴት ስለሚመጡ ወላጆችም ኑ ተባልን። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ነኝ፤ ሆላንድኛዬም የጽዳት ሥራ ሆላንድኛ ነው። ከኋላ፣ ኮት መስቀያው ሥር ተቀመጥኩ።

ጀርመኖች አገሩን ሲይዙ ሴትየዋ የልጄ እኩያ ነበሩ። ጎረቤታቸው ጣሪያ ሥር አንዲት አይሁዳዊት ከሕፃን ልጇ ጋር ተደብቃ ነበር። እሳቸው ከየቤቱ የድንች ልጣጭ የሚሰበስቡ መስለው፣ ከልጣጩ ሥር ዳቦ ያደርሱላታል። አንዴ ወታደር ባልዲውን በጫማው ነካ አድርጎ፣

«ምን ልታደርጊው ነው?» አላቸው።

«ለጥንቸሌ ነው። ከፈለግክ ላካፍልህ» አሉት።

ልጆቹ ሳቁ።

«ከዚያስ?» አለ አንዱ።

«እናትየዋንና ሕፃኑን ወሰዷቸው። አንድ ሰው ተናግሮ ነበር። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም።»

ልጄ እጇን አወጣች። ዝም በይ ልላት ብድግ አልኩ፤ ቀደመችኝ።

«እኛም ቤት አክስቴ ተደብቃለች» አለች፣ ኮራ ብላ። «ፖሊስ እንዳይወስዳት። እኔም ለማንም አልናገርም።»

«ጎበዝ!» አለች መምህሯ። አንዳንድ ወላጆች ዞረው አዩኝ። የአዛውንቷ ፊት ግን ጠቆረ። ወደ ልጄ ጎንበስ ብለው በቀስታ፣ «ይሄ አይነገርም፣ ልጄ» አሏት።

ልጄን ሰፈር ሜዳ ከጓደኞቿ ጋር ትቼ ቤት ገባሁና ለእህቴ ነገርኳት። ወዲያው ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር ጎተተች።

«መምህሯ እኮ ደግ ናት» አልኳት።

«ደግ ትሁን። ከእሷ ሌላ ስንት ጆሮ ነበር?»

«ሕፃን ናት፣ አትቀየሚያት።»

«ወላሂ አልተቀየምኳትም። የጀግና ወሬ እየሰማ አፉን የሚይዝ ልጅ የት አለ?»

ልጄ ከጨዋታ ሳትመለስ እህቴ ወጣች። ሮተርዳም ከተማ፣ ዙይድ የሚባል ሰፈር፣ አንዲት ወዳጃችን ሳሎኗ ውስጥ ፍራሽ አነጠፈችላት። ይህንን ለልጄ ልነግራት አልደፈርኩም።

«አክስቴስ?» አለችኝ እንደገባች።

«አገሯ ገባች።»

«ሳትስመኝ?»

«ቸኩላ ነው» አልኳት።