በአመድ ስር የተደበቀው ተባይ

ብርቅታይት በፈረንጆቹ 1997 በዲቪ ከደብረ ዘይት አሜሪካ ስትመጣ የምታውቀው ሥራ አትክልት መንከባከብ ብቻ ነበር። ስፕሪንግ ቫሊ ውስጥ እኔ ክፍል የማጸዳበት ሞቴል ያስቀጠራት የጥገናው ኃላፊ ጋሽ ስምዖን ነው። በመዋኛው ዙሪያና በበሩ አጠገብ በትልልቅ ማሰሮ የተተከለ ሂቢስከስ ነበር፤ አበባው ቀይ፣ የሰው መዳፍ የሚያህል።

ሰኔ ላይ ቅጠሉ ይጠቀለልና ይጣበቅ ጀመር። ግንዱ ላይ ጉንዳን ይመላለሳል። የሞቴሉ ባለቤት አየና፣ "ይሄ ነገር ከተዛመተ ሁሉንም አስነስቼ ቦታውን ጠጠር ነው የማለብሰው" አለ። ጠጠር ደግሞ አትክልተኛ አይፈልግም።

"ክሽክሽ ነው" አለች ብርቅታይት። እናቷ ጎመን ላይ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ሲወጣ አመድ ትነሰንስ ነበር። እሷም እንግዶች ሥጋ ከሚጠብሱበት ምድጃ አመድ እየዛቀች ቅጠሉ ሁሉ ላይ ነሰነሰች። ከዚያ በኋላ ነጭ ነገር ባየች ቁጥር አመድ ነው እያለች አለፈች። ቅጠሉ ግን መርገፉን አልተወም።

ባለቤቱ ከሰዓት አበባውን ሊያይ በሚመጣበት ቀን ጠዋት፣ አመድ ስትነሰንስ ጋሽ ስምዖን አያት።

"አንቺ፣ አበባ ነው የምትንከባከቢው ወይስ ዳቦ ነው በዱቄት የምታሺው?"

"ለክሽክሹ እኮ ነው፣ ጋሼ።"

"እስቲ እጠቢውና ክሽክሹን አሳዪኝ።"

የውሃውን ጎማ ከፈተች። አመዱ ታጥቦ ወረደ። ቅጠሉ ከግንዱ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ግን ነጩ አልለቀቀም። በጥፍሯ ስትነካው እንደ ጥጥ ተነሳ፤ ከስሩ ሞላላ ተባይ እግሩን አንቀሳቀሰ።

"ክሽክሽ አይደለም" አለች። "ክሽክሽ እንዲህ ጥጥ አይለብስም። አመዱ ስር ተደብቆ ሲራባ ነው የከረመው።"

"ስንቱ ላይ አለ?"

"አላውቅም።"

"ባለቤቱ ሲመጣ እሱን ነው የሚጠይቅሽ።"

ከጽዳት ጋሪዬ የጆሮ መጥረጊያ ጥጥና አልኮል ሰጠኋት። አልኮሉ የነካው ተባይ ወዲያው ይሞታል። በዚያ ሙቀት ፎጣ ላይ ተንበርክካ እያንዳንዱን ቅጠል ትገለብጣለች። እኔ አንሶላ በቀየርኩ ቁጥር በመስኮት አያታለሁ። ገና ብዙ ይቀራት ነበር።

ወርጄ፣ "የታመሙትን ወደ ጓሮ ግፊያቸው፤ ባለቤቱ አያያቸውም" አልኳት።

"ከጓሮም ቢሆን ጉንዳኑ ተባዩን ተሸክሞ ያዛምተዋል፣ እትዬ። ያኔ ሁሉም ያልቃል።"

ባለቤቱ መጣ። ቅጠሉን ገልብጣ አሳየችው፤ ጋሽ ስምዖን አስተረጎመላት። የመዋኛው ዙሪያ በሙሉ ታሟል፣ የበሩ ግን ንጹህ ነው አለች። ሰውየው ጎንበስ ብሎ የበሩን አንድ በአንድ አየ። እሷ ቆማ እጇን በቀሚሷ ትጠርጋለች።

የመዋኛው ዙሪያ አበባ ተነስቶ ቦታው ጠጠር ለበሰ። የበሩ ቀረ፣ የእሷም የአትክልት ሺፍት በግማሽ ተቆረጠ። አሁን ጠዋት በሩ ጋ ቅጠል ትገለብጣለች፤ ከሰዓት ከእኔ ጋር አልጋ ታነጥፋለች። ለአንሶላ እጇ ዘገምተኛ ነው። ምን ይደረግ፣ ትለምደዋለች።