አቶ እሺና አንድ እግር ካልሲው

ቧንቧ ሠራተኛውን በስሙ ቢጠሩት ቶሎ ዞር አይልም፤ "አቶ እሺ" ሲሉት ነው የሚሰማው። ሰፈሩ ያወጣለት ነው። "ጣሪያችን ያፈሳል" ይሉታል፣ እሺ ይላል፤ የጣሪያ ሠራተኛ ግን አይደለም። "ሶፋ እንሸከም" ቢሉትም እሺ። በሃምሳ ዓመቱ "አይ" የምትለዋ ቃል ከአፉ ስትወጣ የሰማ የለም። የጥርስ ሐኪሙ ደህናውን ጥርስ ነካ አድርጎ "ይሄ ነው?" ቢለው እንኳ፣ እሺ ብሎ አስነቅሎታል።

ደፍሮ የሚያናግራት ሞተር ሳይክሉን ብቻ ነው። ሃያ ዓመት የመፍቻ ሣጥኑን ከኋላዋ አስሮ ቤት ለቤት ዞሮባታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ግቢ ውስጥ ያጥባታል። መጀመሪያ ጭስ በምታወጣበት በማርሚታዋ አፍ አሮጌ ጨርቅ ይወትፋል፣ ውሃ እንዳይገባባት። ከዚያ በአረፋ ይለቀልቃታል፤ ሰንሰለቷን በላምባ ይፈትጋል፤ የቸርኬዋን ሽቦ በጥርስ ብሩሽ አንድ በአንድ ይጠርጋል። "እስቲ ዞር በይልኝ፣ እንዲህ ነው እንጂ" እያለ ያወራታል።

ሚስቱ በመስኮት ብቅ ትልና፣ "እኔን አንድ ቀን እንዲህ ብለኸኝ ታውቃለህ?" ትለዋለች።

አንገቱን ይደፋና መብራቷን ይወለውላል።

ባለፈው ወር ጭቃ ላይ አንሸራተተችውና ጉልበቱ አበጠ። ሚስቱ ጉልበቱን እያሸችለት፣ "ይቺ ሞተር ሳትገድልህ ብንሸጣትስ?" አለችው።

"እሺ" አለ።

በሳምንቱ ገዢ ተገኘ፤ መንገድ ዳር ያለው ዳቦ ጋጋሪ። "ቅዳሜ ሊወስዳት ይመጣል" አለችው። እሺ አለ። የዚያን ሳምንት እራት አልበላ ብሎት ሰነበተ።

ቅዳሜ ጠዋት ሊያጥባት ወጣ። የወትሮው ጨርቅ የለም። ሚስቱ ቆሻሻ መስሏት ጥላዋለች። ሌላ ልጠይቅ ወይስ ይቅር እያለ ፈራ ተባ አለና፣ አንድ እግር ካልሲውን አውልቆ ወተፈው። የዚያን ቀን እጁ አልፈጥን አለው። ያጠበውን መልሶ ያጥባል፣ የደረቀውን መልሶ ያረጥባል።

ዳቦ ጋጋሪው መጣ። "ጋሼ፣ እስቲ ያስነሷትና ድምጿን ልስማ።"

ረገጣት። አንዴ አስነጠሰችና ዝም አለች። ደግሞ ረገጠ፤ ዝም። ካንዴላዋን ፈታ፣ ጠረገ፣ መለሰ። ቤንዚኗን አየ። ላቡ በጆሮ ግንዱ ወረደ።

"እንደ ጌታዋ ናት፤ አትናገርም" አለ ዳቦ ጋጋሪው።

ሚስቱ በሩ ላይ ቆማለች። ዓይኗ ወደ ሰንደል ጫማው ወረደ። "አንተ ሰውዬ፣ አንደኛው ካልሲህ የት ገባ?"

ባዶ እግሩን አየና ጣቶቹን አጠፋቸው። ከዚያ ሰረቅ አድርጎ ወደ ማርሚታው ተመለከተ። ሚስቱ ዓይኑን ተከትላ ጎንበስ አለች፤ በሁለት ጣቷ ጥቁር ነገር ጎትታ አወጣች።

"አፏን ጠቅጥቀህባት፣ ምን ብላ ትናገር?"

ዳቦ ጋጋሪው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። አቶ እሺ አንዴ ቢረግጣት ግቢውን በድምጿ ሞላችው።

"በሉ እንግዲህ ጋሼ፣ ልውሰዳት?"

ሁለቱም ያቺን የታወቀች ቃል ጠበቁ። እሱ መሪዋን እንደጨበጠ ነው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ያለውን ግን የሞተሯ ድምፅ ዋጠው።

"ምን አሉኝ?"

ሞተሯን አጠፋት። "አይ" አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

ሚስቱ ካልሲውን እንዳንጠለጠለች ቀረች። "አይ አልክ?"

"አዎ… አይ።"

"ስጠይቅህ እሺ ብለኸኝ የለም እንዴ?"

"እሺማ… እየሰማሁሽ ነው ማለቴ ነበር።"

"ዝም አይነቅዝም ብለህ ዝም ስትል፣ ሞተርህ ተሸጣ ነበር እኮ። ቆይ፣ እንጋባ ያልኩህ ጊዜስ? ያኔም እሺ ነው ያልከኝ።"

ጆሮው ድረስ ቀላ። "እሱ… እሱ እሺ ነው" አለ።

ዳቦ ጋጋሪው ቅር አላለውም። "እኔማ የቸርኬዋን ሽቦ ሳይ ገብቶኝ ነበር። ሊሸጥ ያሰበ ሰው እንዲህ አያጥብም" ብሎ ወደ ዳቦው ተመለሰ።

"ጭቃ በሆነ ቀን ግን በእግርህ ትሄዳለህ" አለች ሚስቱ።

"እሺ።"

"የትኛው እሺ ነው?"

ትንሽ አሰበበት። "የጋብቻው።"

ሳቋን ልትደብቅ ዞር አለችና ካልሲውን አረፋው ባልዲ ውስጥ ጣለችው። "በል፣ እሱንም በብሩሽህ እጠበው።"