ከኋላ ወንበር የተቀመጡት አዛውንት

ወጠያ ሰፈር ወደምሠራበት ጋራዥ አንዲት ሴት የአባቷን አሮጌ ባለ ስድስት ሲሊንደር መኪና ይዛ መጣች። አባትየውም አብረዋት ነበሩ።

«ዳገት ላይ እየደከመ ዕድሜ ልካቸውን ሲያማርራቸው ኖሯል። በሕይወት እያሉ ይስተካከልላቸው» አለችኝ።

ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ትንሹን ካርቡሬተር ፈትቼ ባለ ሁለት አፍ ትልቅ ገጠምኩለት። ልሞክረው ስነሣ አዛውንቱ አብሬህ ካልሄድኩ አሉ። የፊቱን በር ብከፍትላቸው እምቢ ብለው ከኋላዬ ተቀመጡ። ወደ ቁሩም ሰፈር ስናቀና ያገኘነውን ዳገት መኪናው ሳያቃስት ሽቅብ ወጣው።

«አየህ ኻልፋን? ዛሬ አልደከመም» አሉኝ።

«ሐጂ፣ እኔ ሰዒድ ነኝ።»

የሰሙኝ አልመሰለኝም። ትከሻዬን ጨበጥ አድርገው «ያላ ኻልፋን፣ ወደ ቤት ግባ። ሚስትህ እየጠበቀችህ ነው» አሉ። እኔ ሚስት የለኝም። ቆየት ብለው ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አታምሽባት፣ ቶሎ ነው የምትሞትብህ» አሉኝ። የሞተ ልጃቸው መስያቸው ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

«እሺ አባቴ፣ ቶሎ እገባለሁ» አልኳቸው።

እስክንመለስ ድረስ እጃቸውን ከትከሻዬ ላይ አላነሡም።

ጋራዡ በር ላይ ልጅቷን ለብቻዋ ጠርቼ «እህቴ፣ ኻልፋን ወንድምሽ ነበር?» ብዬ ጠየቅኳት።

መኪናው ውስጥ ወደቀሩት አባቷ ለአፍታ ተመለከተች።

«ወንድም የለኝም» አለችኝ። «ኻልፋን የራሳቸው ስም ነው።»