ሁለት መለኪያ፣ አንድ ምድጃ

አሽዶድ ከተማ፣ አድ ሃሎም በሚባል ሰፈር ካለ ፋብሪካ ነው። ነባሩ የምድጃ ኦክስጅን መለኪያ ቢበላሽ የሚተካ ተጠባባቂ ልገጥም ሄድኩ። ገጥሜ ሳበቃ ነባሩ አምስት በመቶ ይላል፣ የእኔው ሁለት። ሦስት ጊዜ ፈትቼ አስተካከልኩት፤ ያው ሁለት። መናሄሉ፣ አለቃው ማለቴ ነው፣ ከምድጃው ቶሎ ይግላል። «ካላስማማሃቸው ነገ እንዳትመጣ!» ብሎ ጮኸብኝ።

እሱ ዞር ሲል እሳቱን የሚጠብቁት ሽማግሌ፣ አያ ፈረደ፣ ጠጋ አሉኝ።

«ልጄ፣ ልኩ ያንተ ነው።»

«በምን አወቁ?»

«በእሳቱ ቀለም ነዋ! አሮጌውማ ከሞተ ቆየ።»

«ታዲያ አምስት የሚለው ማነው?»

የአሮጌውን መለኪያ መስታወት ከፍተው አሳዩኝ። አምስቱ ወረቀት ላይ የተጻፈ ነበር።

«ቁጥሩ ነቅነቅ ባለ ጊዜ ሁሉ ሰውዬው ይጮህብኝ ነበር» አሉኝ፤ «ሰላም ፈልጌ ጻፍኩለት።»