ደቦ ወጋሪው ክንድ

ከንፋስ መውጫ ቁልቁል ወደ ገደሉ አፍ በሚያወርደው አገር፣ ጃንሆይ ከስደት ተመልሰው ገበሬው ተረጋግቶ ማረስ በጀመረበት ዘመን፣ ጓዴ የሚባል የገብስ ጠባቂ ነበር። ጠባቂ ስል ማማ ላይ ተጎልቶ የሚያንጎላጅ እንዳይመስላችሁ! ጓዴ ወንጭፉን አሹሮ ሲለቀው ድንጋዩ እያፏጨ ይሄድና ከአውራው ዝንጀሮ አፍንጫ ሥር ይፈነዳል። ሲጮኽማ ድምፁ ከገደል ገደል እየተማታ ማዶ ያለውን ሰው ያስደነግጣል። የራሱ መሬት አልነበረውም። አገሩ ግን በአውድማ ጊዜ ከየገብሱ እየሰፈረ ይሰጠው ስለነበር፣ እሱና ሚስቱ ብርቄ ጦማቸውን አድረው አያውቁም። እንጀራውም ስሙም ያ ቀኝ ክንዱ ነበር።

አንድ ጉድለት ግን ነበረበት፤ ሲበዛ ንቁ ነው።

አንድ የኅዳር ጧት ጉም ወረደና አገሩን ሸፈነው። የአካባቢው ወጌሻ አያ ንጉሴ በዚያ ጧት ገብሳቸውን ሊያሳጭዱ ደቦ ጠርተዋል፤ ለጓዴ ግን የነገረው ሰው የለም። አጫጆቹ ብርዱን ፈርተው የበግ ቆዳ ደበሏቸውን እንደ ለበሱ በገደሉ በኩል ወጡና ማጭዳቸውን ይዘው ጎንበስ ቀና ማለት ጀመሩ። ጓዴ ከማማው ላይ ሆኖ ሲያይ፣ ጠጉራም ነገር በጉሙ ውስጥ ጎንበስ ቀና ይላል። የመጣውም በገደሉ በኩል ነው። ታዲያ ዝንጀሮ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ወንጭፉን አሾረና ለቀቀው። እግዜር ይመስገን፣ ድንጋዩ ሰው አልነካም፤ የአያ ንጉሴን ገንቦ ጠላ ግን ለሁለት ከፈለው። ይባስ ብሎ ጓዴ ራሱ፣ “ኡ ኡ! ገብሱን ጨረሱት!” እያለ አገር ምድሩን ይጣራል።

“ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል!” አሉ አያ ንጉሴ፣ ጠላቸውን የጠጣውን መሬት እያዩ። ከዚያ ቀን ወዲህ የጓዴ ስም “ደቦ ወጋሪው” ሆኖ ቀረ።

ጥር ላይ ማማውን ሲያፈርስ ምሰሶው ከዳውና ወደቀ፤ ቀኝ ክንዱም ከአንጓው ከፍ ብሎ ተሰበረ። አያ ንጉሴ የጠላውን ቂም ሳይዙ መጡ። አጥንቱን ስበው ገጠሙ፣ በሸምበቆ አሰሩት፣ ለፋሲካም ፈቱለት። አጥንቱ ገጥሟል። ሕመሙ ግን የሚለቅ አልሆነም፤ ጭራሽ ባሰበት! ክንዱ እንደ ፍም ይነዳል፤ ቆዳው ቀልቶ ያብለጨልጫል፤ ነፋስ ሽው ሲልበት፣ የጋቢው ጫፍ ሲነካው፣ ዝንብ እንኳ ስታርፍበት ይጮኻል። ብርቄ በዚያ በኩል መተኛት ተወች። እሱም ክንዱን በባዘቶ ጠቅልሎ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎት ይውል ጀመር።

አገሩስ መቼ ዝም ይላል! አንዱ መጋኛ ነው ይላል፤ ሌላው አጥንቱ ተጣሞ ነው የገጠመው ይላል፤ አንዳንዱማ “ሥራ ጠልቶ ነው” እያለ ያሽሟጥጣል። ጓዴን ከሕመሙ ይልቅ ያንገበገበው ይሄኛው ነው። ሰኔ ሲገባ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡና፣ “እስከ መስቀል ወንጭፍ ማሾር ካልቻለ ማማውን ለደምሌ እንሰጣለን” ብለው ቆረጡ። ደምሌ የጎረቤት መንደር ጎረምሳ ነው፤ ክፋት የለበትም፣ ሁለት ጤነኛ ክንድ ግን አለው።

ጓዴ ይህን እንደ ሰማ በቀጥታ ወደ አያ ንጉሴ ቤት ሄደ።

“አያ ንጉሴ፣ ስለ ማርያም ብለው እንደገና ይስበሩልኝ!”

“ምኑን?”

“ክንዴን ነዋ። ተጣሞ ነው የገጠመው። ሰብረው ያቅኑልኝ።”

አያ ንጉሴ ከመደቡ ብድግ አሉ። “እኔ የገጠምኩትን? የኔን እጅ ነው ጠማማ የምትለው?” ተቆጥተውም አልቀሩ፤ እጁን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ “በል፣ ክብደትህን ሁሉ ጣልበት!” አሉት። ጓዴ ጥርሱን ነክሶ ተደገፈ፤ ክንዱ ተሸከመው። ከዚያ ከጣሪያው ክዳን አንዲት ሰበዝ መዘዙና ወደ ክንዱ አስጠጉ።

“ኧረ በማርያም!” ብሎ ጓዴ ወደ ኋላ ዘለለ።

ሰበዟ ገና አየር ላይ ነበረች።

“ሳልነካህ ነው እኮ የጮኽኸው!” አሉ አያ ንጉሴ። “አጥንቱማ ግንድ ሆኗል፤ ይኸው ተሸከመህ። የሚጮኸው ጅማትህ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ! አንዴ ተሰበረና አሁን የሚመጣበት ሁሉ ሰባሪ ይመስለዋል።” ትንሽ አሰቡና ሳቃቸው ፈነዳ። “ልክ እንደ ጌታው! ጠላዬን ደፍቶ ኡ ኡ ያለው ማን ነበር?”

ጓዴ አልሳቀም። ክንዱን ትክ ብሎ ሲያይ ቆየና ድንገት ፊቱ በራ። 

“አያ ንጉሴ! ይኼን ጠባቂ አውቀዋለሁ! እኔ ነኝ እኮ! ጋቢውንም፣ ዝንቡንም፣ የብርቄን እጅም ዝንጀሮ ነው እያለ ይወግራል። ጉም ውስጥ ነው ያለው!”

“ታዲያ ምን ይሻለዋል?”

“ያን ጧት ደቦው በላይ በኩል እየዘፈነ፣ ቀስ ብሎ፣ ‘እኛ ነን ጓዴ!’ እያለ ቢመጣ አልወግርም ነበር። ጠባቂን ቢመቱት ይብስበታል። እኔም በባዘቶ ሸፍኜ ጉሙን ጨመርኩበት!” አለና መጠቅለያውን እዚያው ፈትቶ ጣለው።

ከዚያ በኋላ የጓዴን ቤት ያየ ሰው አብዷል ቢል አይፈረድበትም። ጧት ጧት ደጁ ላይ ይቀመጥና በግራ እጁ ጥጥ ይይዛል። ክንዱ እንዲያየው ከሩቅ ያሳየውና፣ “ጥጥ ነው፤ ብርቄ የፈለቀቀችው ጥጥ ነው” እያለ ያስጠጋዋል። ሲያቃጥለው ያርፋል፤ ደግሞ ይጀምራል። ጥጡን ሲለምድ የበግ ጠጉር አመጣለት፤ ከዚያም ጢማሙን የገብስ ዛላ። ባዶ ወንጭፍ ያወዛውዛል፤ ቆይቶም የኩበት ስባሪ ይወነጭፋል። መንገደኛው ሁሉ እየቆመ፣ “ደቦ ወጋሪው ከክንዱ ጋር ተዋወቀ!” እያለ ይስቃል። ይሳቅ!

ነሐሴ ላይ ግን ብርቄ መሻሉን አይታ ደስ ብሏት ከኋላው መጥታ ክንዱን አፈፍ አደረገችው። ጓዴ ጮኾ ተዘረረ። እንደ ፋሲካው ጊዜ ክንዱ ቀላ፣ ነደደ፤ እሷም በጥፋቷ አለቀሰች።

“አለቀልኝ ብርቄ” አለ ጓዴ።

“አላለቀም!” አለችው ዕንባዋን እየጠረገች። “እኔ ነኝ በገደሉ በኩል የመጣሁት። አሁን በላይ በኩል እመጣለሁ።” ፊት ለፊቱ ተቀመጠች፤ መዳፏን ዘርግታ አሳየችውና፣ “ብርቄ ነኝ” አለች። ያን ቀን አልነካችውም። በማግስቱም አልነካችውም። የቅዱስ ዮሐንስ ዕለት ግን መዳፏ ክንዱ ላይ አረፈ፤ ክንዱም ዝም አለ። 

የመስቀል ማግስት አገሩ ሁሉ እንደገና ከተተከለው ማማ ሥር ተሰበሰበ። ደምሌ ወንጭፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጥቷል። ጓዴ ማማው ላይ ወጣ። ድንጋይ መረጠ፤ ክንዱን እያየ፣ “ድንጋይ ነው፣ የራሳችን ነው” አለው፤ አሾረ፣ ለቀቀም። ድንጋዩ እያፏጨ ማዶ ገደሉን ሲመታው ጧ! አለ። እልልታው ቀለጠ! አያ ንጉሴ በዱላቸው መሬቱን ደበደቡት።

ጓዴ በደስታ እየተንደረደረ ወረደና ክንዱ ከማማው ሥር ባለው የቀጋ አጥር ላይ አረፈ።

“ወይኔ!” ብሎ ጮኸ።

እልልታው ተቋረጠ። ብርቄ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን ነቀነቁና ወደ ደምሌ ዞሩ።

ጓዴ ክንዱን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየ። እሾህ ገብቶበታል፤ ደም ጠብ ብሏል። የለመደው እሳት እስኪመጣ ጠበቀ። እሳቱ ወደ ላይ አልወጣም፤ ክንዱም አልቀላም። ሕመሙ እሾሁ የገባበት ቦታ ላይ ቆመ፤ ከዚያ አላለፈም።

“እሾህ ነው!” አለ፤ ቀጥሎም በዚያ ገደል በሚያናጋ ድምፁ፣ “እሾህ ነው! እንደ እሾህ ነው የወጋኝ! ብርቄ፣ እንደ ሰው አመመኝ!” እያለ ይዘል ጀመር። የሚስቀውም የሚያለቅሰውም እሱ ነው።

አያ ንጉሴ ክንዱን ያዙና እሾሁን ነቀሉለት፤ ጓዴ ንቅንቅ አላለም።

“በል ደምሌ” አሉ አያ ንጉሴ፣ “አንተ ወደ ቤትህ። ይኼ ጠባቂ ዝንጀሮና ደቦ ለይቷል።”