ከጁምዓ በባዶ እግር

የብረት በር ሲደበደብ ከሰማሁ፣ ይኸው በዚህ ዕድሜዬም ክው እላለሁ። ትናንት ጎረቤቴ ቁልፍ ጠፍቶበት በሩን ሲደበድብ የያዝኩትን ብርጭቆ ለቀቅኩት። ምን ነካሽ ብትለኝ፣ ነገሩ የሚጀምረው ዱባይ ተራ፣ የኤሌክትሮኒክስ ገበያው ውስጥ ነው።

አባቴ እዚያ ፎቅ ላይ የቴሌቪዥንና የስፒከር ሱቅ ነበረው። ክብሩን የሚወድ፣ ጫማውን ሳያስጠርግ ደረጃ የማይወጣ ሰው ነበር። አርብ አርብ ለጁምዓ ሶላት ሱቁ ይዘጋል። ልጅ ሳለሁ፣ አንድ አርብ፣ ታላቅ ወንድሜ «አባ፣ አንተ ቅደም፣ ዘግቼ እደርሳለሁ» አለው። ውሸታም! እኔን አስገብቶ ከውስጥ ቀረቀረው። ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራለትን «የቻይና» ፊልም አግኝቶ ነበር፤ የሱቁን ትልልቅ ስፒከሮች በሙሉ ሰካቸው። ቤቱ አዲስ ላስቲክና የጋለ አቧራ ይሸት ነበር።

ፊልሙ ሲጀምር ሰውዬው ይሰግዳል።

«ቻይና ይሰግዳል እንዴ?» አልኩ።

«ምን ቻይና! ኢንዶኔዥያ ነው፣ እንደኛ ሙስሊም» አለኝ፣ የአጎቱ ልጅ ይመስል እየኮራ።

ከዚያ ወዲያ ፖሊሶቹ የወንበዴዎች ፎቅ ውስጥ ተቆለፈባቸው። ቢላ፣ ዋይታ፣ የጨለመ ኮሪደር። በጣቶቼ መሀል ነበር የማየው። ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ሲመጣ «በአላህ አቁመው!» አልኩት። አቆመው። ኮቴው ግን አልቆመም።

የእኛን ደረጃ ነበር የሚወጡት፤ ብዙ ነበሩ። በሩ ይደበደብ ጀመር። ወንድሜ ካቻቢቴ አንስቶ «ከኋላዬ ሁኚ» አለኝ። ሸሚዙን ከኋላ ጨምድጄ ያዝኩ። አባ ሳይደርስልን እዚሁ ሞትን አልኩ በልቤ።

መቀርቀሪያው ተገንጥሎ በሩ ሲበረገድ ፊት ለፊት የቆመው አባቴ ነበር። በባዶ እግሩ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ። ለካ የሕንፃው ዘበኛ ጩኸቱን ሰምቶ መስጊድ ድረስ ሮጦ «ሐጂ፣ ልጆችዎን እያረዷቸው ነው!» ብሎታል። ከኋላው ዱላ የያዙ ጎረቤቶች ቆመዋል።

አሁን ገደለን ስል፣ እሱ አንገታችንን፣ ደረታችንን በየተራ ይዳስሳል። ቁስል ይፈልጋል። አባቴ ፈርቶ ሳይ ያኔ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ከሁሉም የባሰ ያስፈራኝ እሱ ነው።

«ፊልም ነው፣ አባ» አለ ወንድሜ። ከዚያ ያ ጅል ዲስኩን ወደ መጀመሪያው መልሶ «እየው፣ እሱም እኮ ይሰግዳል» አይለው መሰለህ!

አባቴ ትንሽ አየና «እሱስ ሰግዶ ነው የወጣው። አንተስ?» አለው።

ጫማው ከመስጊድ ደጅ ተሰርቆ ቀረ። ተረከዙን ጠርሙስ ቆርጦት ስለነበር በውሃ ያጠብኩለት እኔ ነኝ። ደሙ አልቆም ሲል እሱ ነው «አይዞሽ» የሚለኝ፣ የተቆረጥኩት እኔ ይመስል።

አምና አባቴ ሞተ። በእኛ ዘንድ የወንድን አስከሬን የሚያጥበው ወንድ ነውና እኔ ደጅ ቀረሁ። ወንድሜ አጥቦት ሲወጣ እጁ ገና አልደረቀም ነበር። መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና «ጠባሳው አለ» አለኝ።